ጀበናውን ማን ሠራው?

ወሎዬዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ቡና ላይ እንዴት እንደምንመራረቅ አገር ያውቃል። አቦሉ ሲቀዳ ዱአ፣ በረካው ሲቀዳ ምርቃት። እንግዳ ቢመጣ ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ "ግባ" እንላለን። ስሙ ሰይድ ሆኖ አያቱ ወልደ ማርያም የሚባል ሰው ሌላ ቦታ ያስገርም ይሆናል፤ ደሴ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በዚህ እንኮራለን። ይገባናልም። ግን እዚያው ቡና ላይ፣ በምርቃቱ መሃል፣ ምን ምን እንደምንል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? "ያ ቡዳ አይቶት እኮ ነው ልጁ የታመመው።" "ተዋቸው፣ የእነሱ ዘር እንዲህ ነው።" ልጅ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ፈንዲሻውን ይበላል። የማይሰማ ይመስለናል።

ይሰማል። ጠዋት ከዳቦው ጋር ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት የስድስት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት እጇ ቀልቶ መጣች። አብሯት አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ "ቡዳ" ብላዋለች። አባቱ ብረት ቀጥቅጦ ነው የሚያድረው። መምህሯ እጇን በአርጩሜ መታቻት፤ ከዚያም ሰሌዳው ሥር አንበረከከቻት። በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ፣ ልጄን መድረክ ላይ አወጧት። "ይቺ ተማሪ ጓደኛዋን ቡዳ ብላ ሰድባለች" ተባለ፤ በድምፅ ማጉያ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቃሉን የሰሙት የአንድ ክፍል ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ ሰማ። በእረፍት ሰዓት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ "የቱ ነው?" እያሉ መጥተው በመስኮት ያዩት ጀመር።

አልዋሽም፣ ትምህርት ቤቱ የሄድኩት ስለ ልጄ እጅ ተናድጄ ነው። ሄጄ ያየሁት ግን ያንን ልጅ ነው። ዴስኩ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ስድቡም ቅጣቱም በእሱ ስም ተካሄደ፤ እሱን "አይዞህ" ያለው ሰው የለም። ልጄ ተመታች፣ ተንበረከከች፣ ፋይሉ ተዘጋ።

ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኳትና ቡዳ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው" አለችኝ።

ፈርታ ነው እንግዲህ። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ጅብ ይሆናል ብላ ከልቧ ፈርታ ነው። "ማን ነገረሽ?" አልኳት። "እማማ።" እማማ የምትላት እናቴን ነው። እናቴ ያን ነገር ስታወራ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ስቄም ይሆናል። በአርጩሜ መመታት የነበረበት ሰው ካለ ስድስት ዓመቱ አይደለም ማለት ነው።

እስቲ አሁን ጀበናችሁን አንሡና እዩት። ማን ነው የሠራው? ምጣዱንስ? ድስቱንስ? ገበያ ወርደን፣ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ተከራክረን፣ ዋጋ አስቀንሰን የገዛነው አይደለም? ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የቀጠቀጠው ማን ነው? ጋቢያችንን የሸመነው ማን ነው? በእጇ በሠራችው ጀበና ቡና እየጠጣን፣ እሷን ከቡናው አርቀን፣ ልጇን ጅብ እንላለን። ወላሂ፣ ሳስበው ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

ይህ ነገር አሁን የተነገረን እንዳይመስላችሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እኔን እንደሰደበ ነው ብለው ነበር። ነጋሪቱ ከተጎሰመ መቶ ዓመት አልፏል። ቃሉ ግን ይኸው ኬጂ ገብቷል።

እኛ ደግሞ በስም መጠራት ምን እንደሆነ ለማወቅ የሰው ታሪክ መበደር አያስፈልገንም። በ1965 እና በ1966 ድርቁ ሲመታን፣ በ1977 ደግሞ ሲደገም፣ ወገናችን እግሩ ወዳመራው ተሰደደ። ወሎዬ ማለት ለማኝ ማለት የሆነበት ሰፈር ነበር። በሄደበት ከተማ አገሩን ሲጠየቅ "ደሴ" ለማለት አፉ የተሳሰረ ሰው በየቤታችን አለ። ያ የሚያቃጥል ነገር ከውስጣችን ሳይወጣ፣ ዛሬ ልጆቻችን በጦርነቱ ወይም ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡትን ልጆች "ተፈናቃይ" እያሉ ሲጠሩ ዝም እንላለን። ተፈናቃይ ስድብ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ኳስ ስትሳሳት፣ ዳቦ ስትጠይቅ፣ ከስምህ ይልቅ እሱን ሲጠሩህ ስድብ ነው። በብሔርና በሃይማኖት የተቀመሙት ሌሎቹ ቃላት ደግሞ አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ አልጽፋቸውም።

ወደ መምህራኑ ልምጣ። ስልሳ ልጅ ይዛችሁ እንደምትውሉ አውቃለሁ። ደመወዛችሁንም አውቃለሁ። ቢሆንም ልናገር።

"የልጅ ነገር ነው" ብላችሁ አትለፉት። ያለፋችሁት ቃል ተፈቅዷል ማለት ነው፤ ልጅ እንዲህ ነው የሚተረጉመው። አትግረፉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል። ይህ የተጻፈው በ1987 ነው። አርጩሜው ግን እስከ ዛሬ ከጠመኔው ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ሰልፍ ላይ ማውጣቱንማ ተዉት፤ ውጤቱን ነግሬያችኋለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? እዚያው፣ በዚያችው ደቂቃ፣ ቃሉን ሳትደግሙ አስቁሙ። "እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው።" በቃ። ቁጣው ረጅም መሆን የለበትም። ከዚያ መጀመሪያ ወደ ተሰደበው ልጅ ሂዱ። አጠገቡ ዝቅ በሉ። ያ ቃል ውሸት እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእሱ እንዳልሆነ ከመምህሩ አፍ ይስማ። "ተሳሳሙ፣ ተቃቀፉ፣ ጨርሱ" የምንለው ነገር ደግሞ አለ፤ ወሎ ውስጥ በተለይ እንወደዋለን። እሱን አቆዩት። የተሰደበው ልጅ እንባው ሳይደርቅ የሰደበውን ሳም ሲባል ደስ የሚለን እኛን ነው እንጂ እሱን አይደለም። ሲፈልግ ይስማል።

ተሳዳቢውን ለብቻው አድርጋችሁ "ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ወይም እንደ ልጄ ጅብ ይላችኋል። ጅብ ያለውን ልጅ "ጥሩ ልጅ ሁን" ብትሉት ምን ይጠቅማል? ጅቡን ነው ማውጣት ያለባችሁ። እኔ ልጄን "ጅብ ሲሆን አይተሽዋል?" አልኳት። አሰበች። "አላየሁም። እርሳስ ግን አውሶኛል" አለችኝ። ከዚያ በላይ ማስረጃ አልፈለገችም።

ስድስተኛ ክፍል ደርሶ፣ ትርጉሙን አውቆ፣ ለይቶ የሚሳደብ ልጅ ሌላ ነው። ያኛው ወላጁ ይጠራ፤ የሚወደው ነገር፣ የኳስ ቡድኑም ቢሆን፣ ይቅርበት። ሲደጋግም ደግሞ ይጻፍ። ማን፣ ማንን፣ መቼ። በመጻፍ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ። እንግሊዞች ስቴፈን ሎውረንስ የተባለው ጥቁር ወጣት እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ ከተገደለ በኋላ ነገሩን የመረመረ ጉባኤ አቋቁመው ነበር። ጉባኤው በ1999 ባወጣው ሪፖርት ትምህርት ቤቶች የዘረኝነት ድርጊቶችን እንዲመዘግቡ መከረ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያልተጻፈ በደል ይረሳል። ነገር ግን የቃሉን ትርጉም የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ መዝገብ ላይ ሰፈሩ ተብሎ ኋላ ብዙ ተጨቃጨቁበት። ስለዚህ ደብተሩ አንድ ልጅ በተደጋጋሚ እየተጠቃ መሆኑን ማሳያ ይሁን። የአምስት ዓመት ሕፃን "ዘረኛ" የሚል ማኅተም የሚመታበት አይሁን። የወንጀል ሕጋችን እንኳ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይጠይቅም። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ የወጣው ለእኛ ለትልልቆቹ ነው።

እናንተ ወላጆች ደግሞ! በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ የተባለው ለእናንተ ነው። ሁለት ሕፃናት ይሰዳደባሉ። እነሱ ከሰዓት በኋላ አብረው ብይ ይጫወታሉ። አባት ግን ወንድሞቹን አስከትሎ ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል። አጎት ፌስቡክ ላይ "በዚህ ትምህርት ቤት ብሔራችን እየተሰደበ ነው" ብሎ ይለጥፋል፤ የልጁን ፎቶ ጨምሮ። እስከ ማታ ሁለት ሺህ ሰው ተሳድቦበታል። ኧረ እፈሩ! የልጃችሁ ቁስል የእናንተ የፖለቲካ ማገዶ አይደለም። ልጃችሁ የተሰደበባችሁ ከሆነ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፣ መልስ ካጣችሁ የወላጅና መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ጋ ሂዱ፣ እዚያም ካልሆነ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ልጃችሁ የሰደበ ከሆነ ደግሞ "የኔ ልጅ እንዲህ አይልም" አትበሉ። ብሏል። ከማን እንደሰማው ማታ ቡና ላይ ተያዩና ድረሱበት።

ደግሞ ስብሰባ ተጠርታችሁ አትቅሩ። ባለፈው ወመህ ሲጠራን ከሠላሳ ወላጅ ሰባት መጣን። የክፍያ ጭማሪ ቢሆን ኖሮ ወንበር አይበቃም ነበር።

እኔ የብረት ቀጥቃጩ ቤት ሄጄ ነበር። ልጄን ይዤ፣ ማጭድ ላሠራ ብዬ። ማጭድ አልቸገረኝም፤ ባዶ እጄን ይቅርታ ማለት አፍሬ ነው። ሰውየው ገባው መሰል፣ ምንም አላለኝም። ልጆቹ ወናፉን እየተሻሙ ሲነፉ ዋሉ።

እናቴን ማስተማር ነው የከበደኝ። ሰባ ዓመት የያዘችውን እንዴት ታራግፈው? ትናንት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየጠጣን ስለ አንድ የታመመ ልጅ ወሬ ተነሣ። እናቴ "መቼም ያ ቡ..." ብላ ጀመረች። ልጄ ከፈንዲሻው ላይ ቀና ብላ አየቻት። እናቴ ጀበናውን አነሣች። ትንሽ ይዛው ቆየችና ቶናውን ቀዳች።