«ኬኩስ የታለ?»

ስዊድኖች ለአንድ ኬክ ብለው ቀን ቆርጠዋል። ኖቬምበር 7 የክላድካካ ቀን ነው። ስሙ በእኛ ጆሮ ደስ አይልም፣ እለፉት። ለቀረፋ ዳቧቸውም ኦክቶበር 4ን ስለሰጡ ቀን ማደል አይከብዳቸውም። ይሄኛው ግን ስታዩት ቀን የሚያሰጥ ነገር የለውም። የቸኮሌት ኬክ ይባል እንጂ ቁመቱ ሁለት ጣት አይሞላም። ላዩ ተሰነጣጥቋል። መሃሉ ሰመጥ ብሏል። ስትቆርጡት ቢላው ላይ ይጣበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኬክ ቤት እንዲህ ያለ ነገር መስታወቱ ውስጥ ቢደረድር ጋጋሪው በማግስቱ ሥራ ፈላጊ ነው።

ስቶክሆልም ግን በየቤቱ የሚቀርበው እሱ ነው። ለልጅ ልደት እሱ። አያት ሊጠይቁ ሲመጡ እሱ። ዝም ብሎ እሑድ ከሰዓት ቤተሰብ ሲሰበሰብም እሱ። ቡና ይፈላል፣ ኬኩ ይቆረጣል፣ አለቀ። ፊካ ይሉታል። ቡና ቁርስ በሉት፣ ቆሎው በኬክ ተተክቶ።

እኔን የሚያስቀናኝ የሚሠራው ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ይሠራዋል። ድስት ያወጣል፣ ቅቤ ያቀልጣል፣ ከእሳት ያወርደዋል፣ እዚያው ድስት ውስጥ ሁሉንም ጨምሮ ያማስላል፣ ቅርጽ ማውጫው ላይ ገልብጦ ኦቨን ይከታል። ማደባለቂያ ማሽን የለ፣ እንቁላል መምታት የለ፣ በክሬም ማስጌጥ የለ። እናትየው ሳሎን ቁጭ ብላለች። «ኧረ ተው ትቃጠላለህ!» የሚልም የለም። ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ ለወንዱም ለሴቱም ግዴታ ስለሆነ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አገር ቤት ኬክ ሌላ ፍጥረት ነው። ይታዘዛል። ስም ይጻፍበታል። ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ተይዞ «ሹፌር በናትህ ቀስ በል፣ ኬክ ይዘናል» እየተባለ ይመጣል። ቤት ሲደርስ እንደ ሙሽራ መሃል ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ የቆረሳው ጣጣ አለ። የእናት ወገን ይቅረብ፣ የአባት ወገን ይቅረብ፣ ክርስትና እናት የት ሄደች ይባላል። አምስት እጅ አንድ ቢላ ላይ ይደራረባል። ያኔ ሁሉም በዶሮና በክትፎ ጠግቧል። በናፕኪን የተጠቀለለችው ቁራሽ እጅ ላይ ትዞራለች፣ ክሬሙ ወደ ዳር ይገፋል፣ ልጆቹ ጫፍ ጫፉን ልሰው ይሮጣሉ። የተረፈው «ለቤት ያዙ» ተብሎ ይታደላል።

ኬክ ቤቶቻችንን ለማማት አይደለም። ሚሊፎልያቸው እስካሁን በህልሜ ይመጣል። የማይገባኝ ሌላ ነገር ነው። ለበዓል የሱቅ ዳቦ ቆርሶ እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት ይታማል። ድፎው እቤት ካልተደፋ፣ ኮባው ካልሸተተ፣ «ምነው ሴት የለም እንዴ?» ይባላል። እዚያው ቤት፣ እነዚያው ሰዎች፣ ኬክ ላይ ሲደርሱ ይገለበጣሉ። እቤት የተጋገረ ኬክ ያሳፍራቸዋል። ገንዘብ ያጠረ ያስመስላል መሰለኝ።

ይህን የታዘብኩት ለእህቴ ልጅ ምርቃት ከስዊድን አገር ቤት ሄጄ ነው። «ኬኩን እኔ እሠራለሁ» አልኩ። ቤቱ ዝም አለ። ቀጥሎ ሳቅ ሆነ። «እዚያ የምትጋግርልህ ጠፍታ ነው?» ያሉኝ ትልቋ አክስቴ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ወደ ጎን ወስዶ «ችግር ካለ ንገረኝ» አለኝ። ችግር! ኬክ ጋግራለሁ ያለ ሰው ስዊድን ከሥራ ተባሮ የመጣ ይመስላቸዋል።

ኦቨኑን ከፈትኩ። ኦቨን ያለበት ቤት ሁሉ ኦቨን አይጠቀምም። ውስጡ ሦስት መጥበሻ፣ የድስት ክዳኖች፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣ ትሪ፣ አንድ የተረሳ የኤሌክትሪክ ገመድ። የእህቴ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስንቶቻችን ኦቨን ቁም ሳጥን ነው? ሁሉንም አውጥቼ ወለል ላይ ስደረድር ደግሞ «ጓዳውን በታተነው» የሚል ወቀሳ መጣ።

ከአሥራ ስምንት ደቂቃ በኋላ ኬኩ ወጣ። ቆንጆ ነበር። ላዩ ስስ ቅርፊት ይዟል፣ ውስጡ ርጥብ ነው። ርጥብነቱ ነው ቁም ነገሩ፣ ስዊድኖቹ ቢደርቅ ይቀየማሉ። እንግዳ ልቀበል በር ወጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። አክስቴ ስንጥር ሰክተው አይተውታል። ስንጥሩ ርጥብ ሆኖ ወጣ። «ጥሬ ነው የኔ ልጅ፣ ሰው ሆድ እንዳያሳምም መልሼ ከተትኩት» አሉኝ። እትዬ፣ እንደዚያ ነው የሚበላው ብላቸው «ሊጥ? ፈረንጅ ሊጥ ይበላል?» አሉ። ኬኩ ሁለተኛ ሲወጣ ጡብ ሆኗል። እሳቸው ግን አሁን ገና በሰለ ብለው ደስ አላቸው።

ለነገሩ ባይደርቅም ለውጥ የለውም። አጎቴ «ለማንኛውም» ብሎ ባለሁለት ፎቅ ኬክ አዝዟል። ቆብ የደፋች የስኳር አሻንጉሊት ላዩ ላይ ቆማለች። የእኔው ፍሪጅ ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ለአንድ አፍታ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ፣ መሃል ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዷ ጎረቤት ገብታ፣ ተመራቂዋን ስማ፣ ጠረጴዛውን አይታ፣ ቀጥ አድርጋ እሱን አይታ «ኬኩስ የታለ?» አለች።

ምን ይባላል?

የሚቆጨኝ እኮ ይህ ኬክ ለአዲስ አበባ የተፈጠረ መሆኑ ነው። ከውጭ የኬክ አሠራር ይዞ መጥቶ ያልከሸፈበት ሐበሻ ስንት ነው? ኬኩ ኦቨን ውስጥ ሽቅብ ይነፋል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ ከዚያ መሃሉ ዝርግ ይላል። «ዱቄቱ ነው» ይባላል። «የእዚህ እንቁላል ትንሽ ነው» ይባላል። ከተማው እንጂ ዱቄቱ ምን አደረገ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስቶክሆልም ባሕሩ ዳር ናት። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የቤኪንግ ፓውደሩን ጋዝ የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር ጋዙ አምልጦ ይሄዳል፣ ኬኩ ይወድቃል። ለዚህ ነው ከፍታ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩም ስኳሩም ትንሽ የሚቀነሰው፣ ፈሳሹ የሚጨመረው።

ክላድካካ ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር የሚባል ነገር አይገባም። ያልተነሳ ምን ይወድቃል? ደግሞ በ20 ደቂቃ ስለሚያልቅ መብራት እስኪሄድ አይጠብቅም። ግማሽ ኬክ ኦቨን ውስጥ ይዞ ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው ይህን ያመሰግናል።

ስዊድኖቹም ቢሆኑ አንዳንዴ ያስመርሩኛል። ገና ሳትጋበዙ «ለውዝ ይስማማሃል? ወተትስ? ግሉተንስ?» ተብሎ መልእክት ይላካል። ደግ ነው፣ ሰው አይታመምም። ቁራሻችሁን ካነሳችሁ በኋላ ግን ድገሙ ብሎ የሚለምን የለም። በሞቴ የለም። ጉርሻማ አይታሰብም። የመጨረሻዋ ቁራሽ ስትቀር ደግሞ የሚያነሳት ይጠፋል። አንዱ በቢላ ግማሿን ይወስዳል። ሌላው የግማሿን ግማሽ። በመጨረሻ ሳህኑ ላይ የምትቀረው ጉንዳን የማታጠግብ ፍርፋሪ ናት። እሷንም የሚደፍር የለም። አክስቴ እዚህ ቢኖሩ በሁለት እጃቸው ይዘው አፌ ውስጥ ይከቱልኝ ነበር።

እና አሠራሩ ይኸውላችሁ፣ ለሚቀጥለው ዘመድ ስብሰባ። 100 ግራም የገበታ ቅቤ ድስት ውስጥ አቅልጡ። የገበታ ነው ያልኩት፣ ኮረሪማ የገባበት የወጥ ቅቤ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው። ከእሳት አውርዱ፣ ትንሽ በረድ ይበል። ትኩስ ላይ እንቁላል ከጨመራችሁ ፍርፍር ትበላላችሁ። 220 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 90 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ቫኒላና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ አማስሉ። ካካዎው ንጹሕ ይሁን። በወተት የሚበጠበጠው፣ ስኳር ያለበት የልጆች ዱቄት አይሆንም። ዱቄቱ ከጠፋ ማማሰሉን አቁሙ፣ ብዙ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል። ቅርጽ ማውጫውን ቅቤ ቀቡት፣ ስዊድኖች የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ ይነሰንሱበታል፣ እንዳይጣበቅ። ኦቨኑ 175 ዲግሪ ይሙቅ፣ ኬኩ ከታች በኩል ይግባ።

ቅቤና እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም። ለጾም ሌላ አለ። አሜሪካኖች ቅቤና እንቁላል በጠፋበት ዘመን ይጋግሩት የነበረ የቸኮሌት ኬክ ነው። በዘይትና በውሃ ይሠራል፣ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ያነፉታል። የሚነፋ ስለሆነ ግን ከላይ ያልኩት የከፍታ ጣጣ ያገኘዋል፣ ሶዳውን ቀነስ አድርጉ።

ወደ ክላድካካው ስመለስ፣ ከ15 ደቂቃ ጀምሮ እዩት። ላዩ ደርቆ ስታነቃንቁት መሃሉ ቢወዛወዝ በሰለ ማለት ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይይዛል። ስንጥር አትስኩበት። ስንጥር ይዞ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቄጤማ ግዛ ብላችሁ ላኩት፣ ቶሎ እንዳይመለስም ዕጣኑን ጨምሩበት።