ፓናዶል ጠይቃችሁ ፓራሲታሞል ቢሰጣችሁ አልተጭበረበራችሁም

ስለ ባሕር ዳር ፋርማሲዎች አገልግሎት ከተጻፉት ቅሬታዎች አንዱ በብዙዎች ሲደገም አየሁ። «ፓናዶል ስጠይቅ ፓራሲታሞል ሰጡኝ። አጭበረበሩኝ፤ ርካሹ አይሠራም» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ሳያስረዱ መቀየር ደንበኛን ያስከፋል። ሐሳቡ ግን ስህተት ነው።

ፓናዶል የንግድ ስም ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት ፓራሲታሞል ነው። የተራውን ፓናዶል ማሸጊያ አዙሩና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፤ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ይላል። ከተሰጣችሁ ጋር አስተያዩት። ስሙና መጠኑ ከገጠመ መድኃኒቱ ያው ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ መዘዙ ነው። «የመጀመሪያው አልያዘልኝም» ብሎ ዓባይ ማዶ ተሻግሮ ፓናዶል የሚጨምር ሰው ያንኑ መድኃኒት ደርቦ እየዋጠ ነው። ጤነኛ አዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ይህም ባለ 500ው 8 ፍሬ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል አለባቸው፤ እነሱም ይቆጠራሉ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስዱ ግን አምራቹ ሲቀየር ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ጥራቱን ከተጠራጠራችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው።