ባንጆ ብቻውን ዘፈን አይሆንም

የካንትሪ ሙዚቃ ሲነሳ የአገራችን አድማጭ ቶሎ የሚያስታውሰው ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንንና ጂም ሪቭስን ነው። የእነዚህ ሰዎች ዜማ በካሴትም በሬዲዮም ብዙ ቤት ገብቷልና ይህ የሚገርም አይደለም። የካንትሪ ማዕከል ከሆነችው ከናሽቪል ከተማ ትልልቅ አሳታሚዎች ደጅ ርቆ ስላደገው፣ አልት-ካንትሪና ኢንዲ ፎክ እየተባለ ስለሚጠራው ሙዚቃ ግን በአማርኛ ብዙም ሲጻፍ አናይም። እኔ የዚህ ሙዚቃ የቆየ ወዳጅ እንደመሆኔ አብዝቼ የምወዳቸው አልበሞች እንዳሉኝ ሁሉ ክፉኛ ያሳዘኑኝም አሉ። ሁለቱን ወገን ሳነጻጽር የማገኘው ልዩነት ዘፈኑ የማይፈልገውን ነገር የመተው ድፍረት ነው፤ ድፍረቱ ያላቸው ሙዚቀኞች ዛሬም ይደመጡልኛል፣ የሌላቸው ወይም በኋላ ያጡት ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አያልፉም።

የአልት-ካንትሪ መነሻ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከአንክል ቱፔሎ ባንድ ጋር ነው። በኢሊኖይ ግዛት፣ ለሴንት ሉዊስ ቅርብ በሆነችው የቤልቪል ከተማ ያደጉት የባንዱ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበማቸውን «ኖ ዲፕሬሽን» ያሉት የካርተር ቤተሰብ በ1936 ካስቀረፀው መንፈሳዊ ዜማ ተውሰው ነው፤ በ1995 የተመሠረተው የዘርፉ ታዋቂ መጽሔትም ይህንኑ ስም ወሰደ። እኔ ግን ከሁሉም የማስበልጠው ሦስተኛውን አልበማቸውን ነው። በ1992፣ የሮክ ባንዱ የኒርቫና ስኬት አሳታሚዎችን ሁሉ ጯሂ ጊታር ፍለጋ ባሰማራበት ወቅት፣ እነዚህ ልጆች ጆርጂያ ውስጥ አቴንስ ከተማ ገብተው፣ የአር.ኢ.ኤም. ባንድ ጊታሪስት ፒተር በክ ፕሮዲውሰር ሆኖላቸው፣ የማዕድን ሠራተኞችን ብሶትና የቆዩ ሕዝባዊ ዜማዎችን በአብዛኛው በአኩስቲክ (ኤሌክትሪክ በማይፈልግ) መሣሪያ በአምስት ቀን ቀርፀው ወጡ። የአልበሙም ርዕስ ቀረፃው የተካሄደባቸው ቀናት ብቻ ናቸው፤ ከማርች 16 እስከ 20፣ 1992።

ባንዱ በ1994 ፈርሶ ጄይ ፋራር ሰን ቮልትን፣ ጄፍ ትዊዲ ደግሞ ዊልኮን አቋቋሙ። የዊልኮ «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው፤ አሳታሚያቸው ሪፕሪዝ አልበሙን በ2001 አልቀበልም ሲል ባንዱ በድረ ገጹ በነፃ አስደመጠው፣ በ2002 ደግሞ እንደ ሪፕሪዝ ሁሉ የዋርነር ኩባንያ ቤተሰብ የሆነው ኖንሳች ገዝቶ አሳተመው። ኩባንያው ለአንድ አልበም ሁለት ጊዜ ከፈለ እየተባለ የሚቀለደው በዚህ የተነሳ ነው። እኔን የሚደንቀኝ በትዊዲና በባንዱ አባል በጄይ ቤኔት መካከል የነበረው ሙግት በአልበሙ ውስጥ መሰማቱ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ አንዱ ሲያስገባው ሌላው ሊያስወጣው የታገለበት ይመስላል። በ2009 የወጣው፣ በባንዱ ስም የተሰየመው አልበም ግን የተካኑ ሰዎች ያለ አንዳች ተቃውሞ የተስማሙበት ሥራ ሆኖ አገኘሁት። ጨዋታው እንከን የለውም፣ ድምፁ ንጹህ ነው፣ አልበሙ ሲያልቅ ግን በጆሮዬ የሚቀር ነገር የለም። ከአንድ ደካማ ባንድ እንዲህ ያለ ሥራ ቢመጣ ባላዘንኩ ነበር።

ወደ ዘፋኟ ጊሊያን ዌልች ስመጣ ብዕሬን መቆጣጠር ይከብደኛል። በ1996 የመጀመሪያ አልበሟ «ሪቫይቫል» ሲወጣ አንዳንድ ሃያሲያን የጠየቁት ስለ ዜማዎቹ ሳይሆን ስለ አስተዳደጓ ነበር። በሎስ አንጀለስ፣ ለቴሌቪዥን ትርኢት ሙዚቃ የሚሠሩ አሳዳጊ ወላጆች ያሳደጓት ልጅ ከአፓላቺያን ተራራ ገበሬዎች ዜማ ጋር ምን አገናኛት አሉ። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ሙሾ የምታወርድ ሴት ሟቹ ዘመዷ ባይሆንም ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች፣ ሙያዋ ነውና። መልሱንም ዌልች ራሷ በ2001 በ«ታይም (ዘ ሪቪሌተር)» ሰጠችው። ከሥራ አጋሯ ከዴቪድ ሮውሊንግስ ጋር ናሽቪል በሚገኘው አሮጌው የአር.ሲ.ኤ. ስቱዲዮ ቢ ገብተው አልበሙን ከሞላ ጎደል ሁለት ሰዎችና የእጃቸው መሣሪያዎች ብቻ ሠሩት፤ ድራም የለም፣ ማጀቢያ የለም፣ አሳታሚውም የራሳቸው ድርጅት ነው። ሮውሊንግስ በ1930ዎቹ በተሠራች አነስተኛ ኤፒፎን ጊታር የሚያስገባቸው ኖታዎች ዜማውን ሊጥሉት ጫፍ ላይ አድርሰው ይመልሱታል። የመጨረሻው ዘፈን ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠጋል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ ድምፁ አይጎላም፣ ግን አንድም ጊዜ ሰዓት አስቆጥሮኝ አያውቅም። ሙዚቀኛው የላቡን ዋጋ ስላጣበት ዘመን የሚናገረው ዘፈንም በዚሁ አልበም ውስጥ ነው፤ የተጻፈው ስፖቲፋይ ከመፈጠሩ ከዓመታት በፊት ሲሆን ዛሬ ወጣት ዘፋኞች ደጋግመው የሚጫወቱት ነገሩ ስለባሰ ነው።

ከ2003 በኋላ ዌልች ለስምንት ዓመት አልበም አላወጣችም፤ ምክንያቱም የጻፏቸው ዘፈኖች ስላላረኳቸው እንደሆነ ሁለቱም ተናግረዋል። ሉሲንዳ ዊሊያምስም በ1998 የወጣውን «ካር ዊልስ ኦን ኤ ግራቭል ሮድ»ን ለማድረስ ስድስት ዓመት ወስዶባታል። አንዴ ኦስቲን ከተማ የተቀረፀውን ትታ ከሙዚቀኛው ስቲቭ ኧርል ጋር እንደገና ጀመረች፣ ማጠናቀቂያውን ደግሞ ከሌላ ፕሮዲውሰር ጋር ሠራች፤ ለዚህም አስቸጋሪ ሴት የሚል ስም ወጣላት። ወንድ ቢሆን ኖሮ ጥንቁቅ ይባል እንደነበር አልጠራጠርም።

ካሳዘኑኝ ሁሉ የባሰው አይረን ኤንድ ዋይን ነው። ሳም ቢም በዚህ ስም በ2002 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ቤቱ ውስጥ በባለ አራት ትራክ መቅረጫ የተሠራ፣ ሹክሹክታ፣ ጊታርና ባንጆ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ የሚሰሙበት ሥራ ነው። በ2011 ወደ ዋርነር ተሻግሮ ያወጣው «ኪስ ኢች አዘር ክሊን» ግን በሳክስፎን፣ በሲንተሳይዘርና በተደራረበ ድምፅ ተሞላ፤ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥም ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ግጥሞቹ እንደ ወትሮው ጥሩ መሆናቸው ነው የሚያናድደው፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አይሰሙማ! ስለ ለንደኖቹ ማምፎርድ ኤንድ ሰንስ ብዙ አልልም። የ2012 አልበማቸው በአሜሪካ በአንድ ሳምንት ስድስት መቶ ሺህ ቅጂ ተሸጦ በተከታዩ ዓመት የግራሚን የዓመቱ አልበም ሽልማት ወሰደ፤ በ2015 ደግሞ ባንጆውን ከናካቴው ጣሉት። ሲጥሉት ዘፈኖቹ ላይ ምንም ያልጎደለ መሆኑ ቀድሞስ ለምን ተያዘ ያሰኛል።

ይህን ስል ባዶ ድምፅ ሁሉ ይጥመኛል ማለቴ አይደለም። ጀስቲን ቨርነን ዊስኮንሲን ውስጥ ክረምቱን በአንድ የእንጨት ጎጆ አሳልፎ ቦን ኢቨር በሚለው ስም የሠራው አልበም በ2008 በሰፊው ከተሠራጨ ወዲህ፣ ጎጆና ጢም ያለው ሁሉ በቀጭን ድምፅ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ አብዛኛው ደግሞ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። ቨርነን ራሱ ጎጆውን ለቅቆ በ2016 ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ መሄዱ ከተከታዮቹ ይልቅ ታማኝ ያደርገዋል። ኤሚሉ ሃሪስም በ1995 ከዳንኤል ላንዋ ጋር የሠራችው «ሬኪንግ ቦል» በማስተጋባትና በከበሮ የተሞላ ነው፣ ከምወዳቸው መካከልም ነው፤ ድምፁ ለድምፃዊቷ ቦታ ይለቅላታልና።

ከቅርቦቹ የአላባማዋ ኬቲ ክራችፊልድ ዋክሳሃቺ በሚለው የመድረክ ስሟ በ2020 ያወጣችው «ሴንት ክላውድ» ልቤን አሸንፏል፤ ከጯሂ ሮክ ወጥታ ግጥሟን ወደፊት ያመጣችበት ሥራ ነው። የ2024ቱ «ታይገርስ ብለድ» ጥሩ ቢሆንም በተለመደ መንገድ መሄዱ ይሰማኛል። በዚያው ዓመት ዌልችና ሮውሊንግስ «ውድላንድ»ን አወጡ፤ ስሙ በ2020 አውሎ ነፋስ የመታው፣ የቀረፃ ክሮቻቸውን በሌሊት ያዳኑበት የናሽቪል ስቱዲዮአቸው ነው። በዚህ ጊዜ ድራምና ቫዮሊኖችን አስገብተዋል። በመክፈቻው ዘፈን ላይ መሣሪያዎቹ ዜማውን ሲያግዙት አያለሁ፤ ቫዮሊኖቹ በገቡባቸው አንዳንድ ቦታዎች ግን የሮውሊንግስ ጊታር ብቻውን ይበቃ ነበር ብዬ እከራከራለሁ።