ይድረስ ለክቡር አቶ ዐይን ዝላይ፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የጥንት ጽሑፍ አመሳካሪዎች፣ ከጎደሉን መስመሮች በቀር፣ ደኅና ነን።

ስምዎን የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ ሙያዎን እናስተዋውቅ። ገልባጭ የሚቀዳበትን መጽሐፍ፣ እናት ቅጁን፣ ከፊቱ ዘርግቶ አንድ ሐረግ ያነባል፤ በልቡ ይይዛል፤ ብርዑን ከቀለም ቀንዱ አጥቅሶ ይጽፋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ያቆመበትን ቃል ይፈልጋል። እርስዎ የሚጠብቁት እዚህች አራተኛዋ ላይ ነው። ያው ቃል ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ዳግመኛ ካለ፣ የደከመውን ዐይን እየመሩ ወደ ታችኛው ያሻግሩታል። በመካከል የነበረውን ውሃ በላው።

የጥንት ግሪኮች ቃልን ከቃል ሳይለዩ ፊደሉን ሰንሰለት አድርገው ሲጽፉ እንዴት ደስ ብሎዎት ይሆን! የእኛ ቁም ጸሐፊ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ቢያኖርም አላመለጠዎትም። መዝሙር 135 በየቁጥሩ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» እያለ ሲዘልቅ፣ ለእርስዎማ ሠርግና ምላሽ ነው።

ከሥራዎ ሁሉ የምናደንቀው በ4ኛው መቶ ዘመን በተጻፈው የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኮዴክስ ሲናይቲኩስ ላይ የፈጸሙትን ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 10 ካህኑ የቆሰለውን ሰው አይቶ አልፎ ሄደ፤ ሌዋዊውም አይቶ አልፎ ሄደ። በግሪክኛው ሁለቱም ቁጥሮች «አንቲፓሬልቴን» በምትል አንዲት ቃል ያበቃሉ። እርስዎ ከፊተኛዋ ወደ ኋለኛዋ ሲዘሉ ቁጥር 32 እንዳለ ጠፋ፤ ሌዋዊውም ከነኃፍረቱ ነጻ ወጣ። ኋላ አራሚ መልሶ አስገባው እንጂ፣ ጥብቅናውስ ያምር ነበር።

በሌላው የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኮዴክስ ቫቲካኑስ፣ ግን ቀልድዎ ከረረ። ዮሐንስ 17፥15 «ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም፤ ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ» የሚል ነው። «አውቱስ ኤክ ቱ» («እነርሱን ከ…») የሚሉት ሦስት የግሪክኛ ቃላት ሁለቴ ስለመጡ 30 ፊደል ያህል ዋጡና ጌታን «ከክፉ እንድታወጣቸው አልለምንም» አሰኙት። በዚያ መጽሐፍ ጠባብ ዓምድ 30 ፊደል ሁለት መስመር እንኳ አይሞላም፤ ለእርስዎ ግን ጸሎት ለመገልበጥ በቃ።

በ1ኛ ሳሙኤል 14፥41ም «እስራኤል» የሚለው ስም ሲደጋገም አይተው ከዕብራይስጡ ላይ የኡሪምን፣ ከቱሚም ጋር የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚጠየቅበትን ዕጣ፣ ነገር ጠቅልለው ወሰዱ። የተረፈችው የቱሚም ፊደል ነች፤ እርሷንም ኋላ የመጡ አንባቢዎች «ፍጹም» ብለው አነበቧት። የሰባ ሊቃናት ትርጉም ሙሉውን ስለያዘ ነው ብዙ ሊቃውንት በእርስዎ ላይ የፈረዱት።

የሚያናድደው፣ ከእርስዎ በኋላ የቀረው ብዙ ጊዜ ትርጉም ይሰጣል። ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ያምታታ ጸሐፊ ይታወቅበታል። የእርስዎን ጉድጓድ ግን ቅጁን ብቻውን ደጋግሞ ያነበበ አራሚ አያገኘውም፤ ይልቁንም «ጥሩ ይፈሳል» ብሎ ያልፋል። መድኃኒቱ ሁለት ሰው ነው፦ አንዱ እናት ቅጁን ድምፅ አሰምቶ ያነባል፣ ሌላው በልጅ ቅጁ (በግልባጩ) ላይ በጣቱ ይከተላል፤ ከሚነበበው መስመር ሥርም ማስመሪያ ይቀመጣል። አንድ ሰው ሁለቱን ለብቻው እያፈራረቀ ካየ፣ ለእርስዎ ሁለተኛ ዕድል ሰጠ ማለት ነው። ቃለ ጉባኤ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ሁሉ ይህን ቢያውቁ እርስዎም ጡረታ በወጡ ነበር።

ደግሞ ውለታዎን አንክድም። ጀርመናዊው የጽሑፍ ሊቅ ፓውል ማስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ «ለያይ ስሕተት» ያለውን አብዝተው የሚያቀርቡልን እርስዎ ነዎት። አንድ መስመር ከአንዱ ቅጅ ጠፍቶ በሌላው ካለ፣ ሙሉው የጎደለው ልጅ አይደለም፤ ሌላ ቅጅ አይቶ ካልሞላው በቀር፣ የጠፋን መስመር ከልቡ የሚያፈልቅ ጸሐፊ የለምና። እንግሊዛዊው ሊቅ አልበርት ክላርክም ነገሩን ቢያበዛውም፣ የጎደሉትን ፊደላት ቆጥሮ የጠፋችው እናት ቅጅ መስመር ምን ያህል ይረዝም እንደነበር ለመገመት ሞክሯል። ሌባ የሰረቀውን ገመድ ርዝመት ትቶልን ሲሄድ እንዲህ ነው።

ለጀማሪ ያጠመዱት ወጥመድ ግን ያሳፍራል። ሁለት ቅጆች አንድ ቦታ ላይ ሲጎድሉ አይቶ «ወንድማማች ናቸው!» ይላል። ሁለት ጸሐፊ ሳይተዋወቁ በአንድ ጉድጓድ መግባታቸው ለእርስዎ የዘወትር ሥራ ነው፤ ስለዚህ በቅጆች የዘር ሐረግ ላይ ብቻዎን ምስክር አድርገን አናቆምዎትም።

ወንድምዎን ድግግሞሽን ሰላም ይበሉልን። እርሱ ወደ ኋላ ዘሎ አንዱን መስመር ሁለቴ ያጽፋል፤ ቢያንስ ሲጨምር ይያዛል።

ከአክብሮት ጋር
ጽሑፍ አመሳካሪዎች

ግልባጭ፦
1ኛ. ለአራሚዎች፣ እንዲያውቁት
3ኛ. ለአንባቢዎች፣ እንዲያውቁት