ውዳሴ ሞንታርቦ

ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይብረከረካል። ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው። ባለፈው እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ከደጀን አፋፍ ተነሥተን ዓባይ በረሃ ወርደን ስንወጣ ዋልን፤ ጉልበቴ የሥራውን አግኝቷል፣ አልከራከርለትም። ይህን የምጽፈው ጆሮዬን ወክዬ ነው።

ሰውዬውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የእግር ጉዞ የሚወጣ ቡድን ሁሉ አንድ አለው። ከቦርሳው ጎን የሕፃን ራስ የምታህል ስፒከር አንጠልጥሎ ይመጣል። እኛ ሞንታርቦ እንላታለን፤ ቁመቷ ቢያንስም ግብሯ የሰርግ ድንኳን ነውና። ይህ ሰው ባይኖርልን ምን ይውጠን ነበር? ከደጀን እስከ ወንዙ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያን ሁሉ መንገድ ወፍና ነፋስ እየሰማን ልንወርድ ነበር እኮ! ይባስ ብሎም ሰው ከሰው ጋር ሊጫወት ይችል ነበር። አንዱ ሌላውን «እናትህ ተሻላቸው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና ያኛው እውነቱን ቢመልስለት ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?

ድንጋዮቹም ቢሆኑ ውለታው አለባቸው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ በጥንት ባሕር ወለል የተጋገረው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ታች አሸዋ ድንጋዩ አለ። ዓባይ ይህን ሁሉ ሲቆርጥ የኖረው ያለ አጃቢ ነው። በስንት ሚሊዮን ዓመት አንድ ቀን ጭፈራ ቢደርሳቸው ምን ይበዛባቸዋል?

መሥዋዕትነቱንም እናስብለት። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ተብሎ ነበር። እሱ ግማሽ ሊትር ያዘ፤ የቀረው ቦታ ለሞንታርቦዋ፣ ለፓወር ባንኳ፣ ለገመዷና ዝናብ ቢመጣ ለምትለብሰው ፌስታል ተፈልጓል። በኅዳር ዝናብ! ወደ ማታ አቀበቱ ሲጠናበት ውሃችንን ጠጣ፣ ሞንታርቦዋን ደግሞ በየተራ ተሸከምንለት።

ገና ሩብ መንገድ ሳንወርድ፣ አህያ የሚነዱ አንድ አባት ከታች ሲወጡ አገኙን። ቆም ብለው ሰልፋችንን ከፊት እስከ ኋላ አዩት።

«ሙሽራዋ ከኋላ ናት?»

«ሙሽራ የለም አባቴ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ነፍስ ይማር! ማን ነው የሞተው?»

ሰርግም ለቅሶም አይደለም፣ ልንዝናና ነው አልናቸው። ይህን እያሰላሰሉ ሳለ ሞንታርቦዋ ውስጥ የምትኖረው ሴትዮ «ባተሪ ሎው» አለች።

«ምን አለች?»

«ደከመኝ ነው የምትለው።»

«እሷ ታዝላ?» አሉና አህያቸውን ቸብ አድርገው ሄዱ።

ፓወር ባንኩ ነፍስ ዘራባት። ምሳ ሰዓት ላይ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ከየትኛው አናት እንደመጣ ያልታወቀ ኔትወርክ ብቅ ሲል የባለ ሞንታርቦው ስልክ ጠራ። እጁ ቆሎ ይዞ ስለነበር በትንሿ ጣቱ አነሣው። ስልኩ ከሞንታርቦዋ ጋር እንደተያያዘ ረስቷል።

«እንኳን ዛሬ ተገኘህ!» አለ የዕቁብ ዳኛው፣ ለመላው ዓባይ በረሃ።

ጓደኛችን ተደናግጦ ድምፅ መቀነሻውን ተጫነ፤ የተጫነው ግን መጨመሪያውን ነበር።

«ሦስት ዙር አልከፈልክም! ዕጣ የወጣላት ሴትዮ እዚህ ደጄ ላይ ተቀምጣለች!»

«ኔትወርክ ይቆራረጣል...»

«እኔ ጋ ጥርት ብሎ ይሰማል!»

እኛም ጋ ነበር። «ታምሜ አልጋ ላይ ነኝ» አለ ጓደኛችን፣ ድምፁን እያሰለለ። በዚህ ጊዜ አንዲት ፍየል፣ ማንም ምስክርነት ሳይጠይቃት፣ ከቋጥኝ ላይ ጮኸች።

«ፍየል ነው የምሰማው?»

«የጎረቤት ናት።»

«ስንት ናቸው ጎረቤቶችህ?» አለ ዳኛው፤ መንጋው በሙሉ ተቀብሏት ነበርና። ከዚያ ትዕግሥቱ አለቀና «ዕቁብ!» ብሎ ጮኸ። የገደል ማሚቶ ተቀበለው፦ «ዕቁብ... ቁብ... ቁብ...»

አገሩ ጎጃም ነውና ገደሉም ቅኔ ይቆጥራል። ሰሙ ያልተከፈለው ዕቁብ፣ ወርቁ ሰውን ከቁብ የማይቆጥረው ባለ ሞንታርቦ። ዲማ ወይም ዋሸራ ያሉ የቅኔ መምህራን ቢሰሙት «ይበል!» ሳይሉ የሚያልፉ አይመስለኝም። ጉዳዩ በዚህም አላበቃም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ጀሪካን ያዘሉ ሴት መንገድ ሲለቁልን በየተራ አዩንና፣ ማንም ሳይጠቁማቸው እሱ ላይ ቆሙ። «ዕቁብ የበላኸው አንተ ነህ? ክፈላት እንጂ ልጄ፣ ደጅ ላይ ነው እኮ የተቀመጠችው!» ሰምተው ነበር። ማዶ ጎሃ ጽዮን ያለው ሕዝብ ካልሰማ ነፋሱ ወዲያ ስላልነፈሰ ነው።

ውለታው ገደል ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ያለ ማዳመጫ ቪዲዮ የሚጋብዘን፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የባልና ሚስት ጠብ ላውድ አድርጎ የሚያሰማን የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው። ቸርነት ነው። የማይፈልገውንም ሰው ይደርሰዋል።

አቀበቱ ላይ የሆነውን ግን በሽሙጥ ልነግራችሁ አልችልም። አሥር ዓመት የሚሆነው የፍየል እረኛ ከወንዙ ጀምሮ ተከትሎን ነበር። ጠዋት ስንወርድ ዋሽንት ሲነፋ ከሩቅ ሰምተነዋል፤ ሞንታርቦዋ ስትቃረብ ተወና ዋሽንቱን መቀነቱ ውስጥ ሻጠ። ልጅ አይደል፣ ደስ ብሎት ከሞንታርቦዋ ጎን ጎን ይሄዳል። ከላይ ያለው ጓደኛችን በእግሩ የወፍጮ መጅ የምታህል ድንጋይ ነቀለ። «ድንጋይ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። ልጁ አልሰማም። እንዴት ይስማ? ድንጋዩ ከራሱ አንድ ክንድ ርቆ አለፈ። ባለ ሞንታርቦው ዘወር ብሎ «ምን አላችሁ?» አለ። ሳይቀንሳት!

ያን ልጅ እናቱ ፍየል ጠብቅ ብላ ነው የላከችው። የገደል ሰው ናዳውንም ጎርፉንም ቀድሞ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ሲቸገር የሚጠራው ማዶ ያለውን ሰው ነው። አንተ ለአንድ ቀን ልትዝናና መጥተህ ያን ጆሮ ትደፍናለህ? ማን ፈቀደልህ? ልጁ ቢሞት በየትኛው ዘፈን ልታለቅስለት ነበር?

ይቅርታ። ውዳሴ ላይ ነበርኩ።

አፋፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀር የሞንታርቦዋ ሴትዮ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተችን። ያኔ የራሳችንን ትንፋሽ ሰማን፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነበር፣ ያሳፍራል። ቆየት ብሎ ከታች የዋሽንት ድምፅ መጣ። ባለ ሞንታርቦው ቆሞ አዳመጠ። ተስፋ አደረግሁ። «ይቺን የተጫወታት ማን ነው? ላውርዳት» አለ።

የሚቀጥለው ጉዞ ከሞጣ ወደ ሰበራ ድልድይ ነው፤ ድሮ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገርበት ወደነበረው። ትናንት ማታ በቡድናችን ቴሌግራም ላይ የአዲሷን ሞንታርቦ ፎቶ ለጠፈልን። የቀድሞዋን እጥፍ ታህላለች። የሚሽከረከር መብራት አላት። ውሃ አያበላሻትም፣ ብትወድቅም ትንሳፈፋለች ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል አይደል የሚባለው? የጉዞውን 300 ብር ከሁሉም ቀድሜ ከፍያለሁ፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሞንታርቦዋን የመሸከም ተራው የእኔ እንዲሆንም ስሜን አስመዝግቤያለሁ።