ዶስቦክስ ለገደለው ኮድ ፍሬሹ ይጠየቅ?

ኧረ በፈጠራችሁ! ዛሬም ያው የኮምፒውተር ላብ፣ ያው ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ የሚጻፍበትና የሚሠራበት ያ አሮጌ ፕሮግራም። ሥሪት 3.0 እኮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደርግ በወደቀ በወራት ውስጥ ነው። የዘንድሮ ፍሬሾች ወላጆች ገና አልተዋወቁም ነበር። የፕሮግራሚንግ ቋንቋው ሲ ፕላስ ፕላስ ራሱ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ያገኘው በ1998 ነው። ስለዚህ የማስገቢያና የማውጫ ፋይሉን ለመጥራት በደንቡ «አይኦስትሪም» ብሎ የጻፈ ልጅ ኤረር ይዘንብበታል፤ ቱርቦ «ነጥብ ኤች» ካልተጨመረለት ፋይሉን አያገኘውም። «ዩዚንግ ኔምስፔስ» የሚባለውንማ ከነጭራሹ አያውቀውም።

አንድ ምስኪን ልጅ በደንቡ ጻፈ። ቲቸሩ ከኋላው ቆመና፣ ላቡ ሙሉ እየሰማ፦

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»
«ከዩቲዩብ፣ ቲቸር።»
«እሺ፣ ውጤትህንም ዩቲዩብ ይስጥህ!»

ሳቅ በሳቅ። የልጁ ጆሮ ቀላ። ኮዱ እኮ ልክ ነው! ከዚያ ላብ ውጭ የትም ወስዳችሁ አስኪዱት፣ ይሠራል። «ውጤትህንም ዩቲዩብ ይስጥህ» ... ዩቲዩብ ቢሰጠው በስንት ጣዕሙ!

ደግሞ የዶስቦክሱ ጉድ። ዊንዶውሱ 64 ቢት ስለሆነ የ16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም፤ ለዚህ ነው ቱርቦ የድሮ ፕሮግራሞችን በሚያስነሳው በዶስቦክስ በኩል የሚከፈተው። ማንዋሉ «ለማስኬድ ኮንትሮልና ኤፍ9» ይላል። ዶስቦክስ ላይ ግን ኮንትሮልና ኤፍ9 መዝጊያው ነው! ልጆቹ በታማኝነት ይጫኑታል፣ መስኮቱ ድርግም፣ የአንድ ሰዓት ኮድ በነነ። ከዚያ «ለምን ሴቭ አላደረጋችሁም?» ተብለው ይወቀሳሉ። ሴቭ ለማድረግ መጀመሪያ ኤፍ2፣ ለማስኬድ ቀጥሎ ኦልትና አር፣ ከዚያ ኢንተር። ይህችን ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ስንት ጠመኔ ያልቃል?

ፋክቶሪያሉንማ (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉት ሲባዙ) አታንሱብኝ። 7 ሲያስገቡ 5040። 8 ሲያስገቡ ኔጋቲቭ 25216! ፋክቶሪያል ኔጋቲቭ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆቹ ሉፑን (ደጋግሞ የሚያባዛውን ክፍል) ሲያገላብጡት ዋሉ፣ ሉፑ ግን ጤነኛ ነው። ቱርቦ ላይ «ኢንት» የሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት 16 ቢት ስለሆነ ከ32767 በላይ አይዝም፤ 40320 ሲመጣበት ዞሮ ኔጋቲቭ ውስጥ ይገባል። ሰፋ ያለውን «ሎንግ» ቢሉት እስከ 12 ፋክቶሪያል ያደርሳቸው ነበር። ማን ይንገራቸው? ቲቸሩ ስልክ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፍላሽ። የሾርትከት ቫይረስ የገባበትን ሁሉ «ፎርማት አድርጉት» ብሎ ማዘዝ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ፋይሉ እኮ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው! ሾርትከቱን አለመክፈት፣ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማጽዳት፣ ከዚያ «አትሪብ» በሚባለው ትእዛዝ የመደበቂያውንና የሲስተሙን ምልክት ማንሳት። አለቀ። የስንቱ አሳይንመንት በከንቱ ተጠረገ።

ሲኒየሮችም አላችሁበት! «ቪኤስ ኮድ ጫን» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ቪኤስ ኮድ መጻፊያ ነው፣ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረውን) ይዞ አይመጣም። ልጁ ስንት ፓኬጅ ከስክሶ ያወርድና «ጂ ፕላስ ፕላስ አላውቅም» ይለዋል። ጂ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ኮምፓይለር የያዘው ሚንጂደብሊው ለብቻው ተጭኖ፣ የቢን ፎልደሩ ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ውስጥ መግባት አለበት፤ ተርሚናሉም ተዘግቶ ካልተከፈተ አያየውም። ለጀማሪ ዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ 5.11 ይበቃዋል፣ ከነኮምፓይለሩ 50 ሜጋ ገደማ ነው። በአንድ ፍላሽ ላቡን ሙሉ ማዳረስ ይቻላል። ብለን ነበር፤ «ሲላበሱ ላይ ቱርቦ ነው የተጻፈው» ተባልን። እሺ።

ፋይናሉ ደግሞ በወረቀት ነው አሉ፣ ሴሚኮሎን ለረሳ ማርክ ይቀነሳል። ቱርቦ እንኳን ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይናገራል!

የነገ ሴክሽኖች፦ ኤፍ2፣ ኦልትና አር፣ ኢንተር። ለጓደኞቻችሁም ንገሩ።