እባካችሁ አታግዙኝ!

እስኪ ዛሬስ ይውጣልኝ። እኔ ወፍ ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ። ሌላ ሱስ የለብኝም። አልጠጣም፣ አልቆምርም፤ ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ካሜራዬን አንግቼ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ እሄዳለሁ፣ በቃ። ግን ጎጃም ውስጥ ሰው ብቻውን ዛፍ ሥር ዝም ብሎ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ መሬት ሊለካ መጥቷል።

በመጨረሻዋ አትሳቁ። ረጅሙን ሌንስ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ሳስቀምጠው ቁርጥ ቀያሽ ነው የምመስለው። "ደግሞ የማንን ይዞታ ልትነኩ ነው?" ይሉኛል። "ኧረ ወፍ ነው የማነሳው" ስል ይብስ ይጠረጥሩኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳ በዚያ ሌሊት ለወፍ ብሎ ከአልጋው ይወርዳል ብሎ ማን ያምናል?

ተጠርጣሪነቱንስ ለምጄዋለሁ። ያቃጠለኝ እገዛው ነው።

ሶሪትን ታውቋታላችሁ? አረንጓዴ ገላ፣ ጉንጯ ላይ ነጭ፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ሽኮኮ የምትሮጥ። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ብርሃን ላባቸው ላይ ሲሰበር የሚፈጠር ነው። የሶሪት ግን የምር ቀለም ነው፤ አረንጓዴውም ቀዩም ውስጥ መዳብ አለበት። ያ ደም የመሰለው ቀይ ደግሞ ያለው ክንፏ ላይ ነው፤ ተቀምጣ ሳለች አብዛኛው ተሸፍኖ ይቀራል፣ ስትበር ነው ወለል የሚለው። ይህን የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ምን ያደርጋል? "ጋሼ፣ ቆይ ላስነሳልህ!" ብሎ ድንጋይ ይወረውራል።

አንተ ልጅ! ለግማሽ ሰዓት ትንፋሼን ይዤ የጠበቅኳት ወፍ ነች እኮ! የዘጌ ጫካ ቡናው ከሥር፣ ትልልቁ ዛፍ ከላይ ሆኖ ጨለማ ነው። የሚበር ክንፍን ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት የካሜራው ፍጥነት የሰከንድ 1/2000 አካባቢ ይፈልጋል፤ ለዚህ ፍጥነት ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል፤ እዚያ ጥላ ውስጥ ከየት ይምጣ? የሚተርፈኝ ቀይ ጭጋግ ነው። ልጁ ደግሞ ስክሪኑን አይቶ "ካሜራህ ግን ጥሩ አይደለም" ይለኛል።

ሰላምታውስ? ወፏ ልክ ብርሃን ወዳለበት ስትወጣ ከኋላዬ "እንደምን አደርህ ልጄ" ይመጣል። ዝም አይባል ነገር፣ አባት ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኪዳን እየተመለሱ ነው። የጎጃም ሰላምታ ደግሞ በአንድ "ደህና" የሚያልቅ አይደለም። ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ የአገሩ ሰላም ተራ በተራ ይጠየቃል። እኔ "እግዚአብሔር ይመስገን" እያልኩ ጎንበስ ቀና፣ ወፏ ደግሞ ወዲያ ማዶ። እሳቸው ላይ እንኳ መቆጣት አልችልም፤ ጭራሽ "ምን ጠፋብህ? አብረን እንፈልገው" ብለው መሬት መሬቱን ማየት ይጀምራሉ።

ጀልባ ነጂውም ያው ነው። ደንገሉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ተቀምጣለች። "ሞተሩን አጥፋልኝ" እላለሁ። "ኧረ ላስጠጋህ!" ብሎ ቀጥ ብሎ ይነዳባታል። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ፣ ያባረረው እሱ፣ "አየሃት?" ብሎ ደስ የሚለውም እሱ።

ዳጉሳ ማሳ ላይ ወንጭፍ ይዘው ወፍ የሚጠብቁትን ልጆች ግን አንድም ቀን አልከሰስኩም። እህሉ የእነሱ ነው። የመስቀል ወፏ ለእኔ ቀይና ጥቁር ጌጥ ናት፣ ለእነሱ ግን እሸት ጨራሽ። (በነገራችን ላይ "የመስቀል ወፍ መጥታ ሄደች" የምትሉ፣ የትም አትሄድም። ወንዱ በክረምት ለመራቢያው ቀይ ይለብሳል፣ ከዚያ ላባውን ለውጦ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ አጠገባችሁ ሆኖ ድንቢጥ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ።)

የማልምራቸው ስፒከር ይዘው የሚመጡትን ነው። ዘጌ እኮ ጫካው የተረፈው በአቡነ በትረ ማርያም ቃል አይታረስም፣ ከብት አይገባበትም ተብሎ ለዘመናት ስለተጠበቀ ነው። ጣና ዙሪያው በ2015 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እናንተ ደግሞ ከጀልባ ሳትወርዱ ሙዚቃውን ለቃችሁት ጦጣው ሳይቀር ይሸሻል። ከዚያ እኔ ጋ መጥታችሁ "ወንድም፣ ወፍ የለም እንዴ ዛሬ?"

ይህ ሁሉ አልፎ አንዲት ደህና ፎቶ አግኝቼ ስለጥፍ አስተያየቱን ተመልከቱ። አንዱ "ኬንያ ነው አይደል?" ይላል። ሌላው "ኤዲት ነው" ይላል። ሦስተኛው ስሜን ቆርጦ በራሱ ገጽ "የአማዞን ውበት" ብሎ ይለጥፈዋል፣ ከእኔ በላይ ላይክም ያገኛል። አራተኛው፣ እሱ አይቀርም፣ "ይበላል?"

አይበላም! ቅዳሜ ዘጌ የምታገኙኝ ሰዎች፣ ሰላምታውን በእጃችሁ ምልክት ብታደርጉልኝ በቂዬ ነው። ድንጋይ ያነሳህ ልጅ ደግሞ እባክህ መልሰህ አስቀምጠው።